«ምንም አልተፈጠረም እኮ!»፦ ዝግ ያሉ የምርመራ ፊልሞች ለምን ያጣሉናል?

ፊልሙ አለቀ። መብራቱ በራ። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ጃኬቱን እየለበሰ «ምንም አልተፈጠረም እኮ!» አለ። ከጎኑ ያለችው ሴት ገና አልተነሳችም። ስክሪኑ ላይ የሚወርደውን የስም ዝርዝር እያየች ዝም ብላለች። ሁለቱም ያዩት አንድ ፊልም ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ይህ ነገር በተለይ አንድ ዓይነት ፊልም ሲወጣ ይደጋገማል። ዝግ ያለው የምርመራ ትሪለር። ወንጀል ይፈጸማል፤ መርማሪ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግን የመኪና እሽቅድምድም የለም፤ የተኩስ እሩምታ የለም። ፋይል ይገለበጣል። ስልክ ይደወላል። ምስክር ይጠየቃል፤ ደግሞ ይጠየቃል። ውጥረቱ እንደ ፍም ነው። ነበልባሉ አይታይም፤ ሙቀቱ ግን እየጨመረ ይሄዳል።

በማግስቱ ሐያሲው «የዓመቱ ምርጥ ሥራ» ብሎ ይጽፋል። ተመልካቹ «ደባሪ» ብሎ አንድ ኮከብ ይሰጣል። ጭቅጭቁ ይጦፋል። አንዱ «አንተ ፊልም አይገባህም» ይላል። ሌላው «እናንተ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሁሉ ጥበብ ትሉታላችሁ» ብሎ ይመልሳል።

እኔ እንዲህ ዓይነት ፊልሞችን ከልቤ እወዳለሁ። ጭቅጭቁም ያሳስበኛል፤ የሁለቱም ወገን ንግግር እውነት አለውና። ደጋግሜ ሳስበው የደረስኩበት ነገር ይኼ ነው፦ «ዘገየ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ የቃል ስሞታ ነው። ፊልሙ፣ ወይም ፊልሙን የሸጠልን ሰው፣ አንድ ነገር ሊሰጠን ቃል ገብቶ ነበር። የሰጠን ሌላ ነው። ሐያሲውና ተመልካቹ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ በልባቸው የያዙት ቃል አንድ አይደለም።

ፋይልና ሕንፃ

ከአንድ ምሳሌ እንነሳ። የዴቪድ ፊንቸር «ዞዲያክ» አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ማርች 2 ቀን 2007 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ካሊፎርኒያ ሰው እየገደለ ለጋዜጦች ደብዳቤ የሚልክ ገዳይ ነበር። አንዳንዶቹ ደብዳቤዎች በምስጢር ኮድ የተጻፉ ናቸው። ራሱን «ዞዲያክ» ብሎ ይጠራል። እስከ ዛሬ በዚያ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የለም። ፊልሙ 157 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አንድ የካርቱን ሠዓሊ፣ አንድ ጋዜጠኛና አንድ መርማሪ ዕድሜያቸውን በአንድ ጥያቄ ሲጨርሱ እናያለን።

ሐያስያን ወደዱት። ሕዝቡ ግን አልመጣም። በዚያው ዕለት የወጣ፣ ስለ ጎልማሳ ሞተረኞች የሚያወራ አንድ ኮሜዲ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። «ዞዲያክ» በነዚያው ቀናት ያገኘው 13 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለሥራው 65 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል። አሜሪካ ውስጥ በድምሩ ያስገባው 33 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ለኦስካር በአንድም ዘርፍ አልታጨም።

አንዱ ምክንያት የዳይሬክተሩ ስም ራሱ ይመስለኛል። ፊንቸር በ1995 «ሰቨን»ን ሠርቷል። እሱም ስለ ተከታታይ ገዳይ ነው። እዚያ ግን ገዳዩ በሁለት እግሩ መጥቶ እጁን ይሰጣል። መጨረሻውም ተመልካቹን ክው ያደርጋል። በ2007 ቲኬት የቆረጠ ሰው ሌላ «ሰቨን» ሊያይ ቢመጣ ማን ይፈርድበታል? ያገኘው ግን ግድያዎቹን በመጀመሪያው ክፍል አሳይቶ ወደ ፋይል ክምር የሚገባ ፊልም ነው።

አንድ ቅጽበት ላይ የሳን ፍራንሲስኮው ትራንስአሜሪካ ፒራሚድ የተባለው ሕንፃ ከመሠረቱ ተነስቶ እስከ ጫፉ ሲወጣ እናያለን። ዓመታት በሰከንዶች ያልፋሉ። ከተማው አደገ፤ ምርመራው ግን እዚያው ነው። እኔን ይህ ነገር ሆዴን ባር ባር ያሰኘዋል። የሰዎቹ ዕድሜ ፎቅ በፎቅ ሲያልቅ ያየሁ ይመስለኛል። ሩጫና ትግል ሊያይ ለመጣ ሰው ግን ያው ሕንፃ ሲሠራ ማየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በስልኬ ነው። በመሃል መልእክት እመልሳለሁ። ወደ ኩሽና ሄጄ እመጣለሁ። ሲያልቅ «ምንድን ነው ያዩበት?» ብዬ ተውኩት። ከዓመታት በኋላ መብራት አጥፍቼ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ እንደገና አየሁት። ያኔ ነው ያ የምድር ቤቱ ትዕይንት ትንፋሼን የወሰደው።

ትዕይንቱን ላስታውሳችሁ። የካርቱን ሠዓሊው አንድ የማያውቀው ሰው ቤት ይሄዳል። የሚጠረጥረው ሌላ ሰው ነው። እጁ ላይ ያለው ማስረጃ አንድ የሲኒማ ፖስተር ላይ ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው። የቤቱ ባለቤት ሲናገር ግን ፖስተሩን የጻፈው ራሱ መሆኑ ይወጣል። ቀጥሎ «ምድር ቤት እንውረድ» ይላል። ይወርዳሉ። ከላይ ወለሉ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሠዓሊው «ሌላ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የለም ይባላል። ሠዓሊው ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ከቤቱ ይሸሻል። በቃ። ማንም አልተነካም። ማንም አልሞተም። የፖስተሩን ነገር የሰማ ተመልካች ግን ወንበሩን ጨምድዶ ይዟል። በስልክ ያየሁት ጊዜ የፖስተሩ ነገር አምልጦኝ ነበር። ስለዚህ ያየሁት ሁለት ሰዎች ደረጃ ሲወርዱና ሲወጡ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ሥር ያለው ቦምብ

ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንስዋ ትሩፎ የነገረው ታዋቂ ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ይህን ካላወቀ፣ ቦምቡ ሲፈነዳ 15 ሰከንድ ይደነግጣል። ቦምቡ ሲቀመጥ ካየ፣ የሚፈነዳበትንም ሰዓት ካወቀ፣ ያው ተራ ወሬ 15 ደቂቃ ሙሉ ልቡን አንጠልጥሎ ያቆየዋል።

ዝግ ያለ የምርመራ ፊልም የሚኖረው በዚህ ነው። ወሬው ተራ ነው። ክፍሉ ተራ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ተነግሮናል። ችግሩ፣ የዚህ ዓይነት ፊልም ቦምብ ትንሽ መሆኑ ነው። የእጅ ጽሑፍ ነው። የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ ለአፍታ ወደ በሩ ማየቱ ነው። አንገቱን አቀርቅሮ ስልኩን ያየ ሰው ያችን አፍታ ያጣታል። አንዴ ካጣት የሚቀጥለው 20 ደቂቃ በሙሉ ባዶ ወሬ ይሆንበታል። እሱ «ምንም አልተፈጠረም» ሲል አልዋሸም። ለእሱ ምንም አልተፈጠረም።

ዓይናችንም በጊዜ ብዛት ሌላ ነገር ለምዷል። የፊልም ተመራማሪው ዴቪድ ቦርድዌል ቆጥሮ ያሳየው ነገር አለ። ከ1930 እስከ 1960 ባሉት የሆሊውድ ፊልሞች አንድ ሾት (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየው አንድ ምስል) በአማካይ ከ8 እስከ 11 ሰከንድ ይቆይ ነበር። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ግን ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ወርዷል። ስለዚህ ካሜራው አንድ ፊት ላይ 20 ሰከንድ ሲቆይ ዛሬ ያለን ተመልካቾች የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስለናል። አያቶቻችን ግን ይህን ያህል የሚገርማቸው አይመስለኝም።

ቤት ውስጥ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሲኒማ ቤት ያለ ሰው ቢሰለቸውም እዚያው ነው። ቤቱ ያለ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሌላ ፊልም ይከፍታል። ኔትፍሊክስ በ2020 መጀመሪያ ላይ አንድ ፊልም «ታየ» የሚለው 2 ደቂቃ ከታየ ነበር። በኋላ የታየበትን ሰዓት መቁጠር ጀመረ። ከ2023 ወዲህ ጠቅላላ ሰዓቱን ለፊልሙ ርዝመት ያካፍላል። በየትኛውም ቢቆጠር ግን ሰውዬው ስክሪኑን እያየ ይሁን ልብስ እያጠፈ ቁጥሩ አይነግረንም።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በሐያስያንና በተመልካች መካከል ስላለው ልዩነት ሲወራ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ይኸው ገደል፣ ይባላል። ገደሉ ግን የሚታየውን ያህል ጥልቅ አይደለም። አለካኩ ነው የሚያጠልቀው።

የፊልም ግምገማዎችን የሚሰበስበው ድረ ገጽ «ሮተን ቶሜቶስ» ላይ የሚታየውን የሐያስያን መቶኛ ብዙ ሰው እንደ ፈተና ውጤት ያነበዋል። 90 በመቶ ሲያይ «ከመቶ 90 አገኘ» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ከጻፉት ሐያስያን ውስጥ 90 በመቶዎቹ ደገፉት ማለት ነው። መቶ ሐያስያን እያንዳንዳቸው «ደህና ነው፣ ይታያል» ቢሉ ፊልሙ 100 በመቶ ያገኛል፤ ከመካከላቸው አንድም ያበደለት ባይኖር እንኳ። የተመልካቹ መቶኛ ደግሞ በሌላ መስፈርት ነው የሚሠራው። ከአምስት ኮከብ 3 ተኩልና ከዚያ በላይ የሰጡት ሰዎች ድርሻ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሐያሲው የሰጠው 3 ኮከብ ብዙ ጊዜ ከድጋፍ ይቆጠራል። ያንኑ 3 ኮከብ ተመልካቹ ከሰጠ ግን ከደጋፊ አይቆጠርለትም። ሁለቱ ሰዎች የተሰማቸው ነገር አንድ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ላይ ግን ባላንጣ ይሆናሉ።

ዝግ ያለ ፊልም በዚህ መለኪያ በተለይ ይጎዳል። ተመልካቹ ብዙ ጊዜ መካከለኛ ነጥብ አይሰጠውም። ወይ ይማረክና አምስት ይሰጣል፤ ወይ ይናደድና አንድ ይሰጣል። መቶኛው መሃል ላይ ሲያርፍ «መካከለኛ ፊልም» ይመስላል። መካከለኛ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ግን ላይኖር ይችላል።

ሌላው መለኪያ ሲኒማስኮር ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት ከአዳራሽ ለሚወጡ ሰዎች ካርድ ይሰጣል። ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ነጥብ ይሞላሉ። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያ ቀን ማታ የሚመጣ ሰው በጣም የጓጓ ሰው ነው። ትሬይለሩን፣ ማለትም የፊልሙን አጭር ማስታወቂያ፣ አይቷል። ተዋናዩን ይወዳል። ስለዚህ ካርዱ ላይ የሚሞላው ነጥብ «የጠበቅኩትን አገኘሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። የቃል መለኪያ ነው ማለት ይቻላል።

ትሬይለሩ የዋሸ እንደሆነ

በ2010 ጆርጅ ክሉኒ የሚሠራበት «ዘ አሜሪካን» ወጣ። ዳይሬክተሩ አንቶን ኮርባይን በፎቶግራፍ ሥራው የሚታወቅ ሰው ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድ ብቸኛ ነፍሰ ገዳይ በጣሊያን ተራራማ ከተማ ተደብቆ ለሌላ ሰው መሣሪያ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ማስታወቂያው ግን ሽጉጥና ሩጫ ነበር። ፊልሙ በመጀመሪያው ሳምንት አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ሲኒማስኮር ላይ ያገኘው ነጥብ ግን ዲ ማይነስ ነው። ለታዋቂ ተዋናይ ፊልም ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው። እነዚያን ሰዎች «ጥበብ አልገባቸውም» ብዬ ልወቅሳቸው አልችልም። የተሸጠላቸው ሌላ ዕቃ ነው።

በቀጣዩ ዓመት «ድራይቭ» መጣ። ዳይሬክተሩ ኒኮላስ ዊንዲንግ ሬፍን በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወስዶበታል። ተመልካቹ በካርዱ የሰጠው ሲ ማይነስ ነው። ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ተመልካችማ ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሰችው። ትሬይለሩ የመኪና እሽቅድምድም ፊልም አስመስሎ አታሎኛል፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ያን ያህል መንዳት የለም የሚል ክስ ነው። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀባት። እኔ ግን ነጥብ አላት ባይ ነኝ። ሌላ ዕቃ የማስታወቂያውን ሆኖ ካልተገኘ እንመልሰዋለን። ሁለት ሰዓት ግን አይመለስም።

ሐያሲው ይህ ችግር አይነካውም። ብዙ ጊዜ ፊልሙን ከሌላው ቀድሞ ያያል። ዳይሬክተሩን ከነቀደምት ሥራዎቹ ያውቀዋል። ለማየት የሚከፈለው እሱ ነው። በዓመት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞች ስለሚያይ የተለመደው ነገር ቶሎ ያንገሸግሸዋል። አንድ ፊልም ከተለመደው መንገድ ሲወጣለት ደስ ይለዋል። ተመልካቹ ደግሞ በሳምንት አንዲት ነጻ ምሽት ነው ያለችው። ለዚያች ምሽት የተለመደው መንገድ እንዲያውም የሚፈልገው ሊሆን ይችላል። ይህ የዕውቀት ማነስ አይደለም። የኑሮ ልዩነት ነው።

ዝግታ በራሱ ጥበብ አይደለም

አሁን ደግሞ የምወዳቸውን ፊልሞች ወገን ልጠይቅ። ሐያስያን ዝግ ያለን ነገር ሁሉ ያደንቃሉ የሚለው ክስ ልክ ነው ወይ? ሁልጊዜ አይደለም። በ2021 «ዘ ሊትል ቲንግስ» የተባለ የምርመራ ትሪለር ወጣ። ዴንዘል ዋሽንግተን አለበት፤ ራሚ ማሌክና ጃሬድ ሌቶም አሉበት። ጽሑፉን ዳይሬክተሩ ጆን ሊ ሃንኮክ መጀመሪያ የጻፈው በ1993 ነው። ዝግ ያለ ነው። ጨለማ ነው። መጨረሻውም ገዳዩን በግልጽ አይነግረንም። በወረቀት ላይ ሐያስያን የሚወዱት ነገር ሁሉ አለው። ሆኖም «ሮተን ቶሜቶስ» ላይ የደገፉት ከግማሽ በታች ናቸው። የተመልካቹ ካርድም ቢ ማይነስ ላይ ቆመ። እዚህስ ሁለቱም ወገን ተስማማ።

እኔም ሳየው ከነሱ ጋር ነበርኩ። «ዞዲያክ» ውስጥ መልስ የጠፋው ሰዎቹ መልሱን ለማግኘት የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገው ስለተሸነፉ ነው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ በር ይከፍታል፤ ከዚያ ይዘጋል። እዚህ ግን መልሱ የተደበቀው ደራሲው ስለደበቀው ነው። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ለልብ ግን ትልቅ ነው። ዝምታ ውስጥ ምንም ያልተቀመጠ ሲሆን ተመልካች ይነቃል። ወደ ሂችኮክ ጠረጴዛ ልመለስ። አንዳንድ ፊልሞች ረጅም ረጅም ወሬ ያወሩና ጠረጴዛው ሥር ስናይ ምንም የለም። እንዲህ ያለውን ፊልም «ትዕግስት ይጠይቃል» ብሎ መከላከል ትዕግስተኛውን ተመልካች መናቅ ነው።

ደግሞም ርዝመትና ዝግታ ገንዘብ ያባርራል የሚለው ነገር ራሱ እውነት አይደለም። በ2022 የወጣው የማት ሪቭስ «ዘ ባትማን» 176 ደቂቃ ነው። ጀግናው ከሚደባደብበት ጊዜ ይልቅ አስከሬን አጠገብ ቆሞ ፍንጭ የሚያነብበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ዝናብ፣ ጨለማ፣ ኮቴ። ተመልካቹ በካርዱ ኤ ማይነስ ሰጠው። ከ770 ሚሊዮን ዶላር በላይም አስገባ። የታወቀ ጀግና ስላለው ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ያ አለ። ግን ሌላም አለ። ገዳዩ በየቦታው እንቆቅልሽ ይተዋል፤ መርማሪው እያንዳንዱን ይፈታል። ዋናው ጥያቄ ሳይመለስ ትንንሽ መልሶች በየመንገዱ ይሰጡናል። ተመልካቹ በባዶ እጁ ሦስት ሰዓት አልተጓዘም።

ያ ዓይን

ይህን ሁሉ ሳስብ የምመለሰው ወደ አንድ ፊልም ነው። የደቡብ ኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ በ2003 የሠራው፣ በእንግሊዝኛ ርዕሱ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» የሚባለው። መነሻው ከ1986 እስከ 1991 ህዋሶንግ በተባለ አካባቢ የተፈጸሙ ተከታታይ ግድያዎች ናቸው። ፊልሙ ሲሠራ ገዳዩ አልታወቀም። መጨረሻው መልስ እንደማይኖረው እያንዳንዱ ኮሪያዊ ቲኬት ሳይቆርጥ ያውቃል። ሆኖም ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶ አየው። ያኔ የአገሩ ሕዝብ 48 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በዓመቱ ብዙ ሰው ያየው የኮሪያ ፊልም ሆነ። ሐያስያንም እስከ ዛሬ ያነሱታል።

እንዴት ሁለቱንም አገኘ? አንደኛ፣ ቃሉን አልደበቀም። ሁለተኛ፣ ዝግ ያለ ቢሆንም የቀዘቀዘ አይደለም። ፊልሙ ውስጥ ሳቅ አለ። መርማሪዎቹ ይሳሳታሉ፤ እርስ በርስ ይደባደባሉ። ብቸኛውን የጫማ ዱካ ትራክተር ሲሄድበት ቆመው ያያሉ። እንስቃለን። ቆይቶ ያ ሳቅ ጉሮሯችን ላይ ይቀራል፤ ምክንያቱም ዱካው ሲጠፋ ቀጣዩ ሰው ይሞታል።

ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ቦምቡ በጣም ቀደም ብሎ መቀመጡ ነው። ሶንግ ካንግ ሆ የሚጫወተው መርማሪ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይመካበታል። የሰው ዓይን አይቶ ወንጀለኛን እለያለሁ ይላል። አለቃው ይፈትነዋል። ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ደፋሪ ነው፤ ሌላው የተደፈረችው ልጅ ወንድም ነው። የትኛው ነው? ይለዋል። ፊልሙ መልሱን ሳይነግረን ያልፋል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ቀልድ መስሎት ይስቃል። መጨረሻው አካባቢ፣ ዝናብ ውስጥ፣ የባቡር ዋሻ አፍ ላይ፣ ያው መርማሪ ዋናውን ተጠርጣሪ ፊቱን ይዞ ዓይኑን ያያል። ያያል። ያያል። ከዚያ አላውቅም ይላል። የሁለት ሰዓት ዝግታ ያረፈው እዚህች ቃል ላይ ነው። በፍጥነት ቢደረስባት ኖሮ ቃሏ ተራ ነበረች።

ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። መርማሪው ሥራውን ትቶ ነጋዴ ሆኗል። የመጀመሪያዋ ሟች የተገኘችበት ቦይ ጋ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ያያል። አንዲት ትንሽ ልጅ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሌላ ሰውም እዚህ መጥቶ እንደዚሁ አይቶ ነበር ትለዋለች። ምን ይመስላል? ተራ ሰው ነው ትላለች። ያኔ ቀና ይልና በቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል። ወደ እኛ። ቦንግ ይህን ያደረገው ገዳዩ አንድ ቀን ፊልሙን ቢያየው ከዚያ ዓይን ጋር እንዲገጣጠም ፈልጎ ነው።

በ2019 ገዳዩ በዲኤንኤ ታወቀ። ከ1994 ጀምሮ የሚስቱን እህት በመግደል እስር ቤት ነበር። የህዋሶንጎቹ ግድያዎች የይርጋ ጊዜ ግን በ2006 አልፏል። ስለዚህ በነሱ አልተከሰሰም። ከግድያዎቹ በአንዱ ደግሞ አንድ ንጹሕ ሰው ተፈርዶበት 20 ዓመት ገደማ ታስሯል። ተደብድቦ ነው ያመነው። ፊልሙ ውስጥ ስናየው የሳቅንበት የምርመራ ክፍል ዱላ፣ በእውነተኛው ዓለም የአንድ ሰው ወጣትነት ነበር። በ2020 መጨረሻ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው።

በዚያው ችሎት ገዳዩ ለምስክርነት ቀርቦ ነበር። ፊልሙን አይተኸዋል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። አይቼዋለሁ አለ። እንደ ማንኛውም ፊልም ነው ያየሁት፤ ምንም የተሰማኝ ነገር የለም አለ።

ይህን ዜና ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። አሁን መልሱን አውቀዋለሁ። ስሙን አውቃለሁ፤ ፎቶውንም አይቻለሁ። በ2003 አዳራሽ ውስጥ የነበሩት ያጡትን መልስ እኔ ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ፊልሙ የሚቀልብኝ መስሎኝ ነበር። ያ ትራክተር ዱካው ላይ ሲሄድ ግን ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሶንግ ካንግ ሆ ቀና ብሎ ሲያየኝም ፊልሙን መልሼ ላጠፋው አልቻልኩም። ጥቁሩ ስክሪን እስኪመጣ ድረስ እሱም እኔን ያያል፣ እኔም እሱን።